እንጦጦ ያልወጣችው አውቶቡስ

ጋሽ ዘውገ የተቀበሩ ቀን አብራኝ የመጣችው ጎረቤቴ በእኔ አፈረች። ለቀስተኛ የጫነው አውቶቡስ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሲቆም ሰው ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወደ ውስጥ ገባ። እኔ ግን ወደ ኋላ ቀርቼ አውቶቡሱን እየዞርኩ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእጄ ጀርባ ነካሁ። ጎረቤቴ ተመልሳ ክንዴን ያዘችና «ምን ሆነሻል? በስመ አብ በይ እንጂ!» አለችኝ። ሐዘኑ አናቴ ላይ የወጣ መስሏት ነው። ከቀብር መልስ ላስረዳት ሞከርኩ፤ ግን የጋሽ ዘውገ ነገር መንገድ ለመንገድ ተወርቶ የሚያልቅ አይደለም። እስቲ ቁጭ ብዬ ልጻፈው።

የተዋወቅነው መኪና መገጣጠሚያው ውስጥ ነው። ፋብሪካው ከኮተቤ መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነበር። ነበር ያልኩት ዛሬ ግቢው ውስጥ ያለው የሲሚንቶ መጋዘን ስለሆነ ነው። ከባሕር ማዶ በትልልቅ የእንጨት ሳጥን ታሽጎ የሚመጣው ዕቃ እየተፈታ አውቶቡስና የጭነት መኪና ይሆን ነበር። ሳጥኑም አይጣልም። ሠራተኛው በተራ በተራ ጣውላውን እየወሰደ ስለሚሠራበት የሠፈሩ አጥርም፣ የዶሮ ቤቱም፣ ቁም ሳጥኑም የባዕድ ፊደል ተጽፎበታል። አባቴ ከአንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ጣውላ ገዝቶ ባሠራው አልጋ ነው ያደግሁት። ራስጌው ላይ ወደ መሬት የሚያመለክት ቀስት ነበረው። ቀስቱ «በዚህ በኩል ወደ ላይ» ማለት መሆኑን ያወቅሁት ፋብሪካው ስቀጠር ነው። እስከዚያ ድረስ የተኛሁት በተገለበጠ አልጋ ላይ ነበር ማለት ነው።

የተቀጠርኩት መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ መዝገብ ቤት ነው። ሥራዬ ደብዳቤ መመዝገብና ግልባጭ ማስቀመጥ ነበር። የማይመለከተኝን ነገር መጠየቅ ደግሞ ያለ ደመወዝ የምሠራው ሥራዬ ነው፤ እናቴ እስከ ዛሬ ትቆጣኛለች። በመጀመሪያው ሳምንት ዓይኔ ያረፈው ጋሽ ዘውገ ላይ ነበር። ቀጭን ረጅም ሰው ናቸው፤ ሰማያዊ ቱታቸው ተተኩሶ እጥፋቱ ቀጥ ያለ ነው። የሁለቱም እጆቻቸው ጀርባ በትንንሽ የሚያብረቀርቅ ጠባሳ ተሞልቷል። ምን እንዳገኛቸው ስጠይቅ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ «እንጦጦ ነው» ብሎኝ ወደ ሥራው ዞረ። እንደዚህ ያለ መልስ ተሰጥቶኝ ዝም ብዬ አልቀመጥም።

ጋሽ ዘውገ የመጨረሻ ፍተሻ ኃላፊ ነበሩ። ተገጣጥሞ ያለቀ መኪና ሁሉ ለገዢው ከመሰጠቱ በፊት እሳቸው ይዘውት በስድስት ኪሎ፣ በሽሮ ሜዳ አድርገው እንጦጦ ማርያም ድረስ ይወጣሉ። ላይ ሲደርሱ ወርደው ቤተ ክርስቲያኗን ይሳለማሉ፤ መኪናውን ያዞራሉ፤ ቁልቁለቱን ፍሬን እየያዙ ይወርዳሉ። ቁልቁለቱ ያለቀበት ሜዳ ላይ ያቆሙና የአራቱንም ጎማ ብረት በእጃቸው ጀርባ ይነካሉ። አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ይበልጥ ከጋለ ፍሬኑ እሱን ብቻ ለብቻው ይዟል ማለት ነው፤ አንዱ ከቀዘቀዘ ደግሞ እሱ ሰነፍ ነው። አራቱ እኩል ካልሞቁ መኪናው ወደ ፋብሪካ ተመልሶ ይስተካከላል፤ እንደገናም እንጦጦ ይወጣል። አራቴ የወጣ የጭነት መኪና እንደነበር ሠራተኛው እየሳቀ ያወራ ነበር።

«መሣሪያ እኮ አለ» አልኳቸው አንድ ቀን። በእርግጥም ከውጭ ከነሳጥኑ የመጣ የፍሬን መለኪያ ነበር።

«አለ። እሱ የሚለካው እዚህ ሜዳ ላይ ነው» አሉኝ። «መኪናዋ የምትሄደው ሜዳ ላይ ነው? እዚህ የምንሠራው ብሎን ማጥበቅ ነው ልጄ። መኪና የምትሆነው እንጦጦ ደርሳ ስትመጣ ነው።»

አንድ ሕግ ነበራቸው። የነካ እጅ ይፈርማል። ታመው በቀሩበት ቀን አንድ ወጣት መሐንዲስ የእሳቸውን ቦታ ሸፍኖ መኪናዎቹን እንጦጦ ካወጣ በኋላ ለፊርማ ወረቀቱን ቤታቸው ድረስ ወሰደላቸው። አክብሮ ነው። እሳቸው ከአልጋቸው ቀና ብለው «ማን ነካ?» አሉት። «እኔ» አላቸው። «እንግዲያውስ የአንተ ፊርማ ነው። የእኔ እጅ እዚህ ብርድ ልብስ ውስጥ ነበር» ብለው መለሱት። መሐንዲሱ ፈርሞ ሲመጣ ሹመት የተሰጠው ይመስል ነበር።

ከዚያ ፋብሪካው ሊዘጋ ነው ተባለ። ከውጭ ያለቀለት መኪና በርካሽ እየገባ ነው፣ ዕቃ የሚልኩልን ሰዎችም ያንን ሞዴል አቁመዋል፣ ወደ ግል ይዛወር ሲባልም ገዢ ጠፋ። ሳጥን የጫነ መኪና በር ላይ መታየት ካቆመ ወራት ተቆጠሩ። የመጨረሻዎቹ ስድስት አውቶቡሶች ከተሸኙ በኋላ የፋብሪካውን ንብረት የሚያስረክብ ኮሚቴ ተቋቋመና እኔን ጸሐፊ አደረጉኝ። ሰብሳቢው «ትርሲት፣ ከሰነዱ ጋር የፋብሪካው አጭር ታሪክ ይያያዛል። ሁለት ገጽ ይበቃል፤ አንቺ ጻፊው» አለኝ።

ደስ አለኝ። በደብዳቤ የተፈቀደ ወሬ መጠየቅ አግኝቼ አላውቅም። ግን የጠየቅሁት ሁሉ የሚነግረኝ ስለ ምረቃው ቀን ነው፤ ማን ሪባን እንደቆረጠ፣ ስንት በሬ እንደታረደ። በሬው ላይ እንኳ አልተስማሙም። በመጨረሻ ጋሽ ዘውገ ጋ ሄድኩ። ቁም ሳጥናቸውን ከፍተው በፕላስቲክ የተለበዱ ሦስት ወፍራም ደብተሮች አስታቀፉኝ።

«ታሪኩ ይኸው ነው። ሌላው ወሬ ነው» አሉኝ።

ሁለት ቀን ሙሉ አነበብኩ። የእያንዳንዷ መኪና ከሥሯ ብረት ላይ የተመታው የሻንሲ ቁጥር አለ፤ ከጎኑ ቀን፤ ከዚያ ሁልጊዜ ያው አራት ቃል፦ «ወጣች፤ ወረደች፤ እኩል ሞቀች።» ከዚያ ፊርማ። አልፎ አልፎ ተጨማሪ አለ። «በጉም ምክንያት ሽሮ ሜዳ ላይ ሁለት ሰዓት ቆማ ጠበቀች።» «አንዲት እንጨት ተሸካሚ ሴት መንገድ ላይ ወድቃ አግኝተን ሐኪም ቤት አደረስን፤ ፍተሻው ለነገ።» መኪናው ሁሉ በሴት አንቀጽ ነው የተጻፈው። አንዱን ደብተር ጨርሼ ሌላውን ሳነሳ እነዚያን መኪናዎች ሁሉ በስም የማውቃቸው እየመሰለኝ መጣ።

የመጨረሻው ደብተር የመጨረሻ መስመር ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። ቁጥሯ በሰባ አራት ያልቃል። ቀን አለ። አራቱ ቃላት የሉም። ፊርማም የለም።

«ጋሽ ዘውገ፣ ይቺ የመጨረሻዋ ምን ሆና ነው?»

ደብተሩን ከእጄ ወሰዱት። «እሷን ተያት።»

«ወጥታለች እኮ። የአውቶቡሶቹ ርክክብ ፎቶ ላይ ስድስት ቆጥሬያለሁ፤ እዚህ የተሞላው አምስት ነው።»

«ትርሲት» አሉ ወደ መስኮቱ ዞረው፤ «አንቺ ወፍጮ ቤት ብትቀጠሪ ነበር የሚሻልሽ። ያገኘሽውን ካልፈጨሽ አይሆንልሽም።» እየቀለዱ ነበር፤ ድምፃቸው ግን የቀልድ አልነበረም። ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን ያዝኩ። ታሪኩንም ሁለት ገጽ አድርጌ ጻፍኩትና «ስድስቱ አውቶቡሶች ተመርተው ሲወጡ ፋብሪካው ሥራውን አጠናቀቀ» ብዬ ዘጋሁት። ሰብሳቢው ወደደው።

ዓመታት አለፉ። ሌላ መሥሪያ ቤት ያው መዝገብ ቤት ገባሁ፤ አገባሁ፤ ወለድኩ፤ መሪ ሠፈር ኮንዶሚኒየም ቤት ደረሰኝ። አንድ ቀን ጠዋት ወደ ደሴ የምትሄድ አክስቴን ልሸኝ ላምበረት መናኸሪያ ገባሁ። አንድ የአውቶቡስ ረዳት ጎንበስ ብሎ ከመኪና ሥር ለሥር ይጮሃል።

«ውጣ ብያለሁ! ናፍጣ ልትቀዳ ነው አይደል? ሌባ!»

ከአውቶቡሱ ሥር ሁለት እግር ብቻ ይታየኛል። ሰማያዊ ቱታ፣ እጥፋቱ ቀጥ ያለ።  ሰውየው ቀስ ብሎ በጀርባው እየተንሸራተተ ሲወጣና ሽበቱ ሲታይ ረዳቱ ክው አለ። «ውይ አባቴ… ይቅርታ፣ ሌላ ሰው መስሎኝ ነው።»

«ግድ የለም ልጄ። እሷ አይደለችም» አሉት ጋሽ ዘውገ አቧራቸውን እያራገፉ። ከዚያ እኔን አዩኝ። የመሸሽ ያህል አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

አክስቴን እንዴት እንደሸኘሁ አላስታውስም። ጋሽ ዘውገን መናኸሪያው በር አጠገብ ሻይ ቤት አስቀመጥኳቸው፤ ፓስቲ አዘዝኩ። አለመጠየቄ ሳያስጨንቃቸው አልቀረም፤ በራሳቸው ጀመሩ።

ስድስቱ አውቶቡሶች የተሸኙበት የርክክብ ቀን ኅዳር ሃያ አንድ ነበር፤ የማርያም ንግሥ። አምስቱ አውቶቡሶች ቀደም ብለው እንጦጦ ወጥተው ተፈትሸዋል። ስድስተኛዋ፣ ባለ ሰባ አራቷ፣ ያለቀችው ጠዋቱን ነው። የእንጦጦ መንገድ ከላይ እስከ ታች በነጭ ለባሽ ምእመን ተሞልቷል። ፍሬኗ ያልታወቀ አውቶቡስ ይዘው በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል እንዴት ይውረዱ? ነገ ይሁን አሉ። ግን ድንኳኑ ተተክሏል፣ ባለሥልጣኖቹ ተቀምጠዋል፣ ገዢዎቹ ቁልፍ ሊረከቡ ቆመዋል። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ደረታቸው ላይ አድርጎ «ጋሽ ዘውገ፣ አንድ መኪና እኮ ነው! በመጨረሻው ቀን አታዋርዱን» አላቸው።

«ፈረምኩ» አሉኝ። «ሳልነካት ፈረምኩ። ደብተሬ ላይ ግን እጄ እምቢ አለኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሬዲዮው አንድ አውቶቡስ ገደል ገባ ባለ ቁጥር እህል አይወርድላቸውም። ትራፊክ ፖሊስ ጋ ሄደው የተገለበጠውን መኪና ሻንሲ ቁጥር የሚጠይቁ ሽማግሌ እሳቸው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። በመጀመሪያ መርካቶ አውቶቡስ ተራ ይሄዱ ነበር። የሰሜኑ መናኸሪያ ላምበረት ሲከፈት ደጃቸው ድረስ የመጣላቸው ያህል ተደሰቱ። አውቶቡስ ቀለሙ ይቀየራል፣ ወንበሩ ይቀየራል፣ ታርጋውም ይቀየራል፤ ሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር ግን አይለወጥም። ስለዚህ በየጠዋቱ ይተኛሉ፤ ከሥር ያያሉ፤ «እሷ አይደለችም» ብለው ይነሳሉ።

እውነቱን ልናገር፤ በመጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። «እኔን አንድ ቀን ቢጠይቁኝ ምን ነበረበት? ለማን እንደተሰጠች የሚናገረው ደብዳቤ ግልባጭ በእኔ እጅ ነው የታሰረው!»

«ምን ብዬ ልጠይቅሽ?» አሉ ሻዩን እያዩ። «የነካ እጅ ይፈርማል እያልኩ ሃያ ዓመት ሰው ሳስጨንቅ ኖሬ፣ እኔ ሳልነካ ፈረምኩ ብዬ?»

ሒሳብ ከፈልኩና ያንን ግልባጭ ፍለጋ ተነሳሁ። 

የፋብሪካው ፋይሎች የተጣሉበትን መጋዘን ለማግኘት፣ ከዚያም ለመግባት ስንት ሰው እንደለመንኩ ልተወው። አይጥ ከበላው ክምር ውስጥ የራሴ እጅ ያሰረው ፋይል ወጣ። ሰባ አራት፤ ተረካቢ፣ ደሴ ያለ የባለንብረቶች ማኅበር። ከማኅበሩ ወደ አንድ ነጋዴ፣ ከነጋዴው ወደ ሌላ፣ ከእሱ ወደ ሾፌሩ። ሾፌሩ ይርጋ ይባላል። ስልክ ስደውልለት ከወልድያ እየመጣ ነበር።

ለጋሽ ዘውገ ልነግራቸው ቤታቸው ሄድኩ። ገና ደጃፉ ላይ እንዳዩኝ ገባቸው።

«አለች?»

«አለች።»

ቁጭ አሉ። «ሰው… አልጨረሰችም?»

«ሾፌሯ ራሱ ይንገርዎት» ብዬ ለይርጋ ደውዬ ስልኩን ሰጠኋቸው። ይርጋ «ኧረ ጋሼ፣ በዚች መኪና ዶሮ እንኳ አልገደልኩም!» ሲል ድምፁ እስከ እኔ ተሰማ። ጋሽ ዘውገ ስልኩን መልሰው ሰጡኝና በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ከጓዳ ብቅ ብለው «ምን ነገርሽው?» ብለው ተቆጡኝ። «ደህና ነገር ነው» አልኳቸው፤ እኔም እያለቀስኩ።

ነገሩ እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት። ለእሳቸው ግን አላለቀም።

ይርጋ ላምበረት ሲደርስ ተሳፋሪዎቹን አውርዶ ጠበቀን። ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነው። ጋሽ ዘውገ ሥሯ ገብተው ቁጥሯን በጨርቅ ጠርገው አዩ። ብዙ ቆይተው ወጡ። ከዚያ እንጦጦ እንድትወጣ ለመኑት።

«ጋሼ፣ የፍሬኑ ሸራ ስንቴ ተቀይሯል መሰለዎት! ሸራው የሚይዘው ታምቡርም የፋብሪካው አይደለም። አሁን ምን ሊያዩ ነው?»

«እሱን አውቃለሁ ልጄ። የፈረምኩላትን መኪና ላያት ነው።»

ይርጋ እኔን አየኝ፤ እኔም አየሁት። «በሉ ግቡ» አለ።

ጋሽ ዘውገ ጋቢናው ላይ፣ እኔ ከኋላቸው ሆነን ወጣን። በሽሮ ሜዳ ሽቅብ ስትያያዝ ሞተሯን በጆሯቸው ይከታተሉ ነበር። ማርያም ስንደርስ ወርደው ተሳለሙ። ቁልቁል ስንመለስ «እዚህ ጋ ያዝ… ልቀቅ… አሁን ያዝ» እያሉ ይርጋን እንደ ጀማሪ አሠሩት፤ እሱም እንደ ጀማሪ ታዘዘ። ሜዳው ላይ ቆምን።

ወረዱ። የፊት ቀኙን በእጃቸው ጀርባ ነኩ። ሁለተኛውን ነኩ። ሦስተኛውን። አራተኛው ላይ እጃቸውን ሳያነሱ ቆዩ፤ ሊያቃጥላቸው ነው ብዬ ደነገጥኩ። ከዚያ ተመልሰው የመጀመሪያውን እንደገና ነኩት።

«አይሰማኝም» አሉ ቀስ ብለው። የስኳር ሕመማቸውና የዓመታቱ ቃጠሎ እጃቸውን አደንዝዞታል። «ትርሲት፣ ነይ ንኪ።»

በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ጎማ ፈርቼ አላውቅም። ከፊት ቀኝ ጀመርኩ፤ ሞቅ ያለ ነው። የፊት ግራው ያው። የኋላ ቀኙ ያው። የኋላ ግራው ላይ እጄን ሳሳርፍ ሳላስበው መልሼ ነጠቅሁት። ይለበልባል።

ቀና ስል ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። «እኩል ነው» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ምን ይጎዳል? ፍሬኑ የእሳቸው አይደለም፤ መኪናዋ ስንት ጋራዥ ገብታለች፤ ሽማግሌው እፎይ ብለው ቤታቸው ይግቡ። ከዚያ ጠባሳ የሞላው እጃቸውን አየሁት።

«የኋላ ግራው ይበልጣል» አልኩ። «በጣም ይበልጣል።»

የጋሽ ዘውገ ፊት ቀስ በቀስ ሲፈታ አየሁ። «ይበልጣል» አሉ፤ «ተመስገን። የማስተካክልላት ነገር አገኘሁ። ይርጋ፣ መፍቻ አምጣ!»

ይርጋ ሥር ገባ፤ እሳቸውም ሳር ላይ ቁጭ ብለው እየመሩት የጠበቀውን አላላ። እኔ ጎማዎቹ እስኪቀዘቅዙ እየዞርኩ እነካለሁ። ከዚያ እንደገና እንጦጦ ወጣን። ይርጋ ምንም አላጉረመረመም፤ እንዲያውም ማርያም ስንደርስ በዚህኛው ዙር እሱም ወርዶ ተሳለመ። ስንመለስ አራቱንም ነካሁ። ደግሜ ነካሁ።

«እኩል ነው» አልኩ።

ከቱታቸው ጉያ ያንን የመጨረሻ ደብተር አወጡ። ከባለ ሰባ አራቷ ቁጥር ጎን፣ ስንት ዓመት ባዶ በቆየው መስመር ላይ «ወጣች፤ ወረደች፤ እኩል ሞቀች» ብለው ጻፉ። ከዚያ እስክሪብቶውን ለእኔ ሰጡኝ።

«እኔ?»

«የእኔ እጅ አልነካም» አሉ። «አንቺ ነሽ የነካሽው።»

የአውቶቡሷን ጎን ተደግፌ ፈረምኩ። ጋሽ ዘውገ ፊርማዬ እስኪደርቅ እፍ አሉበት፤ ደብተሩን ዘጉና ብብታቸው ሥር አደረጉት።

«በይ እንግዲህ፣ ፋብሪካው አሁን ተዘጋ» አሉኝ። «ትርሲት፣ ያን ሁለት ገጽ ታሪክሽን አርሚው።»